ዝም የማይሉ ፊደላት

የላሊበላው ታፔላ ጸሐፊ ወንዴ የፈለሰፋቸው ፊደላት ጠግበው ያደሩ ይመስላሉ። «መ» ሁለት ሆዱን ነፍቶ ይቀመጣል፤ «በ» በአጫጭር ወፋፍራም እግሮቹ ቆሞ ሊጨፍር ይቃጣዋል። በጭማቂ ቤቱ በር፣ በባጃጆቹ ጀርባ፣ በጸጉር ቤቱ መስታወት ላይ ያላፊ አግዳሚውን ጥርስ ያስገልጣሉ። ሰዉ «የወንዴ ዱባዎች» ይላቸዋል። ወንዴም አንድ ነገር የተሳካለት ሰው የሚወድቅበት ስሕተት ውስጥ ወደቀ፤ ዱባዎቹ የማይገቡበት ቦታ ያለ አልመሰለውም።

ገነተ ማርያም አጠገብ አዲስ የሕፃናት ትምህርት ቤት ተሠርቶ፣ ረጅሙ ግድግዳ ፊደል ሊጻፍበት ነበር። ወንዴ ከዚያ ግድግዳ ሌላ የሚመኘው አልነበረውም። ጸሐፊውን የሚመርጡት ግን የቅኔው መምህር የኔታ ሰይፈ ሥላሴ ናቸው፤ በልጅነቱ የሸምበቆ ብዕር ያስጨበጡትም እሳቸው።

«አስቀድመህ ለቅኔ ቤቴ አንድ ሰሌዳ ጻፍልኝ፤ እጅህን ልየው» አሉት። «‹ጸጥታ› በል፤ ሌላ አትጨምር።»

ወንዴ በደስታ እያፏጨ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ቀለም ጻፈው፤ ወስዶም በሩ ላይ ሰቀለው።

ተማሪዎቹ በየጥዱ ሥር ተበታትነው ቅኔ ይቆጥሩ ነበር። አንዱ ቀና ብሎ አየና በአፍንጫው ሳቀ። ሌላው ምን እንደሆነ ሊያይ ዞረ። ወዲያው ግቢው በሳቅ ተናጋ።

«የኔታ፣ የቅኔዬ ሦስተኛው ቤት ላይ ደርሼ ነበር» አለ ቃለሕይወት የሚባለው ተማሪ፣ ዓይኑን እየጠረገ፤ «ይህ ወፍራም ‹ጥ› ገፍትሮ ጣለኝ።»

የኔታ ከመደባቸው ተነሡ። ወንዴ ግድግዳው ከእጁ ሲወጣ ታየው።

«መሥመር ሳታሰምር ነው የጻፍኸው?»

«አስምሬያለሁ፣ የኔታ።»

«ታዲያ ፊደሉ ምነው ከመሥመሩ ወጣ?»

«ሆዱ ነው፣ የኔታ። ሁሉም የሚወጣው እኩል አንድ ጣት ነው።»

ብራና ጽፎ ላደገ ሰው ከመሥመር ያለፈ ፊደል ነውር ነው። የኔታ ክር አስመጥተው ሦስቱንም ፊደል ለኩ። አንድ ጣት፤ አንድ ጣት፤ አንድ ጣት።

«ስንፍና መስሎኝ ነበር፤ ለካ ልክ አለው። ግን ሳቂታ ሰው መርዶ ለመንገር ይላካል?»

«አይላክም፣ የኔታ።»

«ካወቅኸው ጥፋትህ ባለማወቅ አይደለም። አውርደህ በቀጭኑ ጻፈው።»

«ግድግዳውስ?» አለ ወንዴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ልጅ ከፊደል የሚሸሸው ፊደሉ ሲቆጣው ነው። ያንተዎቹ መቆጣት አያውቁም፤ እዚያ ውሰዳቸው። ከአንድ ጣት ግን እንዳታልፍ።»

ወንዴ «ጸጥታ»ን በቀጭን ጥቁር ፊደል ጻፈው፤ ግቢውም ጸጥ አለ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሮጠ ማለት ይቀላል። እሱ ሲጽፍ የኔታ ከኋላው በክር እየለኩ ተከተሉ። «መ» ዘንድ ሲደርሱ ክሩን ጠቅልለው ያዙ፤ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዙረው ቆዩ። ወንዴ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየ፤ እንዳላየ ሆኖ ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነከረ።