እትዬ ጥሩነሽ ያለቀሱለት ዘንዶ

ባለፈው ሰሞን አንድ ከሰዓት... እትዬ ጥሩነሽ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብለው ለዘንዶ አለቀሱ።

መርካቶ ጭድ ተራ ሪሞትና ሪሲቨር እሸጣለሁ። ቲቪው ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ለዕቃ መሞከሪያ ነው እላለሁ እንጂ እውነቱን ለመናገር ፊልም ላይ ነው የምንውለው። እትዬ ጥሩነሽ ደግሞ ፊት ለፊቴ ቀሚስ ይሸጣሉ። የጎጃም ሰው ናቸው፣ እንደ እናቴ ነው የማያቸው። ደንበኛ ሲመጣ «ሎንግ ነው ሾርት?» ይላሉ፤ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ ዱካቸውን ይዘው እኔ ጋ ይመጣሉ። አንድ ዓይናቸው ሱቃቸው ላይ፣ አንዱ ቲቪው ላይ ነው።

የሚወዱት የቻይና አፈ ታሪክ ፊልም ነው። ሰው በደመና ላይ የሚሄድበት፣ ቀበሮ ተለውጣ ቆንጆ ሴት የምትሆንበት፣ የሰማይ ንጉሥ ሠራዊቱን አሰልፎ ከባሕር ንጉሥ ጋር የሚዋጋበት... በአማርኛ የተተረጎመውን እየፈለግኩ በፍላሽ አመጣላቸዋለሁ። ያው ታውቁታላችሁ፣ አንዱ ተርጓሚ ንጉሡንም፣ ሙሽራዋንም፣ ሕፃኑንም በዚያችው ጎርናና ድምፁ ሲሆናቸው የሚውልበት ነው።

የዚያን ቀን ፊልም ላይ አገሩ በድርቅ ተመቷል። ከብቱ ያልቃል፣ ሕዝቡ ሰማይ ሰማይ ያያል፣ የሰማይ ንጉሥ ግን ዝናቡን ከልክሏል። ታዲያ ከባሕር ውስጥ አንድ ወርቃማ ዘንዶ ይወጣና የንጉሡን ትእዛዝ ጥሶ፣ ውሃውን በአፉ ይዞ እየበረረ መሬቱ ላይ ያዘንበዋል። እትዬ ጥሩነሽ የገበሬ ልጅ ናቸው። ዝናቡ ሲወርድ ከዱካቸው ብድግ አሉ።

«እሰይ የኔ ጌታ» አሉ... ለዘንዶው።

የሰማይ ንጉሥ አልማረውም። ይዞ ተራራ ጫነበት። ተርጓሚው «ዘንዶው ሞተ» ሲል እትዬ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ተንሰቀሰቁ። እኔም ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ገባ... ተዉት።

እንባቸውን ጠርገው ቀና ሲሉ ዓይናቸው የራሳቸው ሱቅ ግድግዳ ላይ አረፈ። እዚያ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ተሰቅሏል። በነጭ ፈረሱ ላይ ሆኖ፣ ዘንዶውን በጦሩ ወግቶ።

«ለማን ነው ያለቀስኩት?» አሉኝ ቀስ ብለው።

እኔም ነገር ያቀለልኩ መስሎኝ ዘንዶ እኮ አይደለም፣ በእንግሊዝኛ ድራገን ነው የሚባለው አልኳቸው። «ደራጎን?» አሉና ደነገጡ። ለካ ጊዮርጊስ የገደለው በገድሉ ላይም ስሙ ደራጎን ነው። ጭራሽ አባባስኩት። ዱካቸውን አንስተው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ እኔ ጋ መቀመጥ ቀረ። ሰላምታው አለ፣ «ምሳ በላህ ወይ» አለ፣ ግን አይሻገሩም። ፊልሙን ብቻዬን ከፍቼው አልጥመኝ አለ። ናፈቁኝ፣ ምን ልበላችሁ። የባሰው ደግሞ የወሩ ሃያ ሦስት እየቀረበ ነው፤ የጊዮርጊስ ዕለት። እትዬ ጥሩነሽ ሱቅ ዘግተው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ እንጂ ቀርተው አያውቁም። የዚህን ወር ግን አልሄድም አሉ። «በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ጠላቱን የኔ ጌታ ብዬ።»

ጨንቆኝ ለጋሼ ሙሄ ነገርኳቸው። ጋሼ ሙሄ የወሎ ሰው ናቸው፣ ከጎኔ ብርድ ልብስ ያከፋፍላሉ። ለዕቃ ቻይና ሲመላለሱ ነው የኖሩት፣ ከእትዬም ጋር የድሮ ጎረቤት ናቸው። ይስቃሉ ብዬ ስጠብቅ አልሳቁም። ተነስተው እትዬ ሱቅ ሄዱ፤ ተከተልኳቸው።

«ጥሩነሽ፣ ይሄ ያለንበት ቦታ ምን ይባላል?»

«ጭድ ተራ ነዋ።»

«ሱቅ ከከፈትሽ ጀምሮ በዚህ መስመር ጭድ ሲሸጥ አይተሻል?»

እትዬ አሰብ አደረጉና አላየሁም አሉ።

«አየሽ፣ ስም ብቻ ነው። ዘንዶም ያለው ተርጓሚው ነው። በአገሩ ሎንግ ነው የሚሉት። ጊዮርጊስ የወጋው ሰው የሚበላውን ነው፣ ይሄኛው ዝናብ የሚያመጣ ነው። ጭራሽ አይተዋወቁም።»

«ሎንግ?» አሉ እትዬ፣ ፊታቸው በራ። «እንደ ቀሚሱ? ረጅም ስለሆነ ነዋ።»

ጋሼ ሙሄ በቻይንኛ እንደዚያ ማለት አይደለም ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ክርናቸውን ነካ አደረግኳቸው። እኔን አዩ፣ እትዬን አዩ... «አዎ፣ ረጅም ነው» አሉ።

ትናንት የጊዮርጊስ ማግስት ነበር። ከሰዓት ላይ እትዬ ጥሩነሽ ዱካቸውን ይዘው መጡና ምንም እንዳልተፈጠረ የድሮ ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ሄዱ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሄጄ ነገርኩት አሉኝ።

«ማንን?»

«ጊዮርጊስን ነዋ። አንተ የወጋኸው ዘንዶ ነው፣ እጅህ ይባረክ አልኩት። ያ ምስኪን ግን ሎንግ ነው... ዝናብ ይዞ ሲመጣ መንገድ ላይ ብታገኘው እንዳትወጋብኝ አልኩት።»

ሳቄም እንባዬም እኩል መጣብኝ። ዞር ብዬ ፍላሹን ሰካሁ። አዲስ ፊልም ነው። ገና ከመጀመሩ ባሕሩ ለሁለት ተከፈለና ተርጓሚው በዚያች ጎርናና ድምፁ «ዘንዶው ተነሳ» አለ።

እትዬ ጥሩነሽ ቲቪውን ቆጣ ብለው አዩት። «ሎንግ በል» አሉት።

ወንድሜ ተርጓሚው፣ የትም ሁን የት... ጭድ ተራ ላይ ታርመሃል።