የቆሰበሩ ቋሚ

አጥቂ ጎል ስትስት ይከፋታል እንጂ አትስቅም። እኔ ግን ትናንት ሳቅሁ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የመታሁት ኳስ የግቡን ቋሚ ገጭቶ ተመለሰ፤ ደጋፊው እጁን ጭንቅላቱ ላይ ሲጭን የኔ ልብ ወዳደግሁበት ቀዬ ወደ ቆሰበር ሄደ።

ልጅ ሳለሁ ከቤታችን ጀርባ ጎል ልሠራ ብዬ ከአጥራችን አንድ ቀርቀሃ ነቅዬ ተከልሁ። ሌላ ልነቅል ስል እናቴ «ላሞቹ በቀዳዳው ሊወጡ ነው!» ብላ ጮኸች። ያኔ አባቴ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከቀርቀሃው ራቅ ብለው ቆሙና «በይ ምቺ፤ ሁለተኛው ቋሚ እኔ ነኝ» አሉኝ።

ጉሙ ሲወርድ ቀርቀሃውም እሳቸውም አይታዩም። እሳቸው «እህ! እህ!» እያሉ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ እኔ በድምፃቸው አነጣጥራለሁ። አንዳንዴ ኳሷ ከነጭቃዋ ጉልበታቸው ላይ ታርፋለች።

«አመመዎት አባባ?»

«ቋሚ ምን ያመዋል!»

አንድ ቀን ጎረቤታችን ከገበያ ሲመለስ ቆም ብሎ «ኧረ እንዴት ነው ነገሩ? ሴት ልጅዎ ከኳስ ጋር ስትላፋ ዝም ይላሉ?» አላቸው።

አባቴ ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። «ቋሚ ይናገራል እንዴ?» አሉት።

ሰውየው ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። እኔ ቀልድ መስሎኝ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ትናንት ማታ አባቴ ደወሉ። ጨዋታውን በሬዲዮ ሰምተዋል።

«ዛሬም መታሽኝ አሉ።»

«አመመዎት አባባ?»

«እህ! እህ!» ሲሉ ሰማሁ። የት እንደቆሙ አወቅሁ።