ሸዋረጋ የራሷን መሸኛ ስታወጣ

በየካ ክፍለ ከተማ ካሉት ወረዳዎች በአንዱ፣ ቁጥሩን መናገር አያስፈልግም፣ ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል። እኔ የልደት ምዝገባ መስኮት ላይ፣ ሸዋረጋ ጉደታ ደግሞ የመሸኛ መስኮት ላይ። በእኔ በኩል ሰው ይገባል፣ በእሷ በኩል ይወጣል እያልን እንቀልድ ነበር። ቀልዱ ከእኛ ሌላ ማንንም አስቆ አያውቅም።

መሸኛ ምን እንደሆነ ያላወጣ ሰው ላያውቅ ይችላል። ከአዲስ አበባ ለቆ ሌላ አገር ነዋሪ መሆን የሚፈልግ ሰው መታወቂያውን ያስረክባል። በምትኩ «እገሌ የእኛ ነዋሪ ነበሩ፤ ወደ እናንተ መጥተዋልና ተቀበሏቸው» የሚል አንድ ገጽ ደብዳቤ ይሰጠዋል። ደብዳቤው ላይ የሚሄድበት ቦታ ይጻፋል፤ አንድ ቦታ ብቻ። መታወቂያው ጥጉ በመቀስ ተቆርጦ ፋይሉ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ተመልሶ የአዲስ አበባ ነዋሪ ልሁን ያለ ሰው የሚያየውን አበሳ እኔ በየቀኑ በዓይኔ ሳይ ኖሬአለሁ።

ሸዋረጋ ፈጣን ነበረች። በወረዳችን ሰልፍ የማይረዝመው የእሷ መስኮት ብቻ ነው። «የት?» ትላለች ቀና እንኳ ሳትል። ሰውየው አፉን ሳይገጥም ጽፋ ጨርሳለች። አንዳንዱ ባለጉዳይ ለምን እንደሚሄድ፣ ማን እንደሞተበት፣ ማን ና እንዳለው ሊያጫውታት ይጀምራል። «የኔ ጌታ፣ ከኋላህ ሰው አለ» ትለዋለች። ሰውየውም ዞር ብሎ ሰልፉን ያይና አፍሮ ዝም ይላል። ሦስት ጊዜ የምስጉን ሠራተኛ ወረቀት ተሰጥቷታል፤ እኔ አንድም ጊዜ አላገኘሁም፤ ወሬ እወዳለሁ።

ዘንድሮ ሰኔ ሠላሳ ጡረታ ልትወጣ ሆነ። የምትኖረው ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጥላው በሚያርፍበት ግቢ፣ ሁለት ክፍል ተከራይታ ነው። አከራይዋ ሞቱና ልጆቻቸው ግቢውን ሊካፈሉ ተነሱ፤ እስከ ሰኔ መጨረሻ ልቀቂ አሏት። ሁለት ወር ሙሉ ከሥራ በኋላ ቤት ፍለጋ አብረን ዞርን። በጡረታ ገንዘብ የሚያስገባ በር አጣን። የኮንዶሚኒየሙም ዕጣ አልወጣላትም። ባል ነበራት፣ ተፋተዋል፤ ልጅ የላትም።

የቀሯት ሁለት ቦታዎች ናቸው። አባቷ አቶ ጉደታ የሰላሌ ሰው ነበሩ፤ ደገም ውስጥ ከሌላ እናት የተወለደ ገመዳ የሚባል ታናሽ ወንድም አላት። እናቷ ደግሞ የቡልጋ ሰው ነበሩ፤ እዚያ እታገኝ የምትባል የአክስቷ ልጅ አለች። ሁለቱም ጋ ከወላጅ የተረፈ መሬት አለ፣ ሁለቱም ጋ የአገሩ ነዋሪ ሆኖ ላልተመዘገበ አይሰጥም፣ ሁለቱም ምዝገባው ሐምሌ ላይ ያበቃል ብለው ደውለዋል። እሷ ግን ተወልዳ ያደገችው የካ ነው። ሰላሌ ስትሄድ የቡልጋዋ ልጅ ይሏታል፤ ቡልጋ ስትሄድ የጉደታ ልጅ።

ከፋሲካ በኋላ ሁለቱንም ልያቸው ብላ ፈቃድ ወሰደች። መጀመሪያ በሱሉልታ በኩል ሰላሌ ወጣች። በተመለሰች ማግስት ምሳ ዕቃችንን ከፍተን ተቀመጥንና ጠየቅኳት።

«እንዴት ነው አገሩ?»

«ጥሩ ነው። ወተቱ፣ ሜዳው፣ ፈረሱ። ብርዱ ግን አጥንት ይገባል። ገመዳ በግ አርዶ ጠበቀኝ፣ መንደሩ ሁሉ መጣ።»

«ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ሚስቱ ከሞተች ዓመት ሆኗታል። በማግስቱ ጠዋት ሦስቱ ልጆቹ የትምህርት ቤት ልብሳቸውን ይዘው መጡ። የአንዱ ጉልበቱ ላይ፣ የአንዷ ብብቷ ሥር ተቀዷል። መርፌና ክር ሳይቀር ይዘዋል።»

«ሰፋሽላቸው?»

«ምን ላድርግ። ተሰልፈው ነበራ።»

በሳምንቱ በላምበረት በኩል ቡልጋ ወረደች። ከዚያ ስትመለስ ምሳ ዕቃዋን እንኳ አልከፈተችም። እታገኝ አንድ ዓይኗ ጠፍቷል፤ ሌላውም እየደከመ ነው። ሸዋረጋ ስትደርስ ፊቷን በእጇ ዳብሳ አለቀሰች። የእናቷን አልጋ አውጥታ፣ ክፍሉን ለቅልቃ፣ በሩ ላይ ቄጤማ ጎዝጉዛ ጠብቃታለች። ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው፣ የሸዋረጋ እናትም የተቀበሩት እዚያው ነው።

«ሁለተኛው ቀን ላይ ጄሪካኑን ሰጠችኝ» አለች ሸዋረጋ። «ውሃው ገደሉ ሥር ነው። ለመውረድ አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ለመውጣቱ እንጃ፣ ሰዓት ማየት ተውኩ።»

«ጉልበትሽን እንደሚያምሽ አልነገርሻትም?»

«አልጠየቀችኝም። እኔም ዓይኗን እያየሁ ስለ ጉልበቴ ላወራ?»

ክፋት የለባቸውም፤ ሁለቱንም አልወቅስም። ገመዳ እናት ይፈልጋል፣ እታገኝ ዓይን ትፈልጋለች። ሁለቱም መሬት እንሰጥሻለን ይላሉ፤ ሁለቱም ከልባቸው ነው። ሸዋረጋ ምን እንደምትፈልግ ግን ሰው መጠየቁን እንጃ። እኔም አልጠየቅኩም፤ የምትመልስልኝን ስለማውቅ።

ይህን ልንገራችሁና ይውጣልኝ። እኔ አያት ሰፈር ባለ ሁለት መኝታ ቤት አለኝ። ልጄ ሃይሚ አግብታ ሐዋሳ ከገባች ሁለት ዓመት አልፏታል። ክፍሏ ውስጥ ቁም ሣጥኗና የእኔ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ብቻ ነው ያለው። ሚያዝያ ላይ ሸዋረጋ ልትጠይቀኝ መጥታ በሩን ገፋ አድርጋ አየችውና «ጥሩ ብርሃን አለው» አለች። እኔ ስለ ባቡሩ መጨናነቅ ማውራት ጀመርኩ። ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ስሰማ ውዬ ቤቴ ስገባ ዝምታ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቴ ይኼው ነው፣ ሌላ የለኝም። እሷም ስለ ባቡሩ አወራች። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ግንቦት አሥራ ስድስት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አስቀድሰን ስንወጣ ጉልበቷ አልሄድ ብሏት ከዛፎቹ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። በጣቷ ወደ ሰሜን አሳየችኝ።

«ሰላሌ በዚያ ነው» አለች። ከዚያ ወደ ፀሐይ መውጫ ዞረች። «ቡልጋ በዚህ። ሁለቱም ጋ ስሄድ የምመለስበትን አውቅ ነበር፣ አፀደ። አሁን የሚቆረጠው መመለሻው ነው። እዚህ የሚያስቀምጠኝ ቤት የለም፤ እዚያ ስሄድ ደግሞ እንደ ጓዝ ነው የምራገፈው። አንዷን ስመርጥ ሌላዋ ትረግመኛለች። መተንፈስ አቅቶኛል።»

«እግዜር ያውቃል» አልኳት። ሰው የሚለው ሲያጣ የሚለውን አልኩ።

ሰኔ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሾላ ገበያ በርበሬ ልትገዛ ወጣን። የትም ብሄድ በባዶ እጄ አልገባም ብላ ነው። ዛላውን በማዳበሪያ ዘርግቶ የሚሸጥ አንድ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ቀና ብሎ አያት።

«እትዬ፣ አላወቁኝም» አለ። «ሬድዋን እባላለሁ። መሸኛ የጻፉልኝ ነዎት፤ ስምንት ዓመት ይሆነዋል።»

ሸዋረጋ ፈገግ አለች። በመንገድ የሚያመሰግናት ሰው ብዙ ነው።

«የት ነበር የሄድከው?»

«ጅማ።»

«ታዲያ ምን መለሰህ?»

ሬድዋን በርበሬውን እየመዘነ ነገራት። እናቱ ከሚሴ ብቻዋን ነበረች፤ ና እያለች ትልክበታለች። የሚስቱ ቤተሰቦች ደግሞ ጅማ የቡና መሬት አዘጋጅተውለታል። መስኮቱ ጋ እስኪደርስ አልወሰነም ነበር።

«‹ጅማ ወይም ከሚሴ› አልኩዎት» አለ። «ጅማ ብለው ጻፉ።»

«ሁለቱንም ነገርከኝ?»

«አዎ። መጀመሪያ የጠራሁትን ጻፉት። እናቴ በዓመቱ ሞተች፣ አልደረስኩም። ጅማም መቀመጥ አልሆነልኝም። ይኸው ተመልሼ መታወቂያ የለኝም፣ እንዲሁ ነኝ።»

ሸዋረጋ ፊቷ ተለዋወጠ። «ለምን አላረምከኝም?» አለችው።

«ከኋላዬ ሰው ነበር» አለ ሬድዋን።

ሲናገር ቂም አልነበረበትም። እንዲያውም ሚዛኑ ከሞላ በኋላ ሁለት እፍኝ መረቀልን። ሸዋረጋ ግን ዘንቢሏን ረስታ ሄደች፤ ያነሳሁላት እኔ ነኝ። ታክሲ ያዝን። ስንወርድ «ስንት ሰው ይሆን?» አለች። ሃያ ስድስት ዓመት ነው።

ከዚያ ሰኞ ጀምሮ የሸዋረጋ መስኮት እንደ ሸዋረጋ መስኮት አልሆነም። ቀና ብላ ሰውን ታያለች። «እርግጠኛ ነህ?» ትላለች። መልሰው ሲነግሯት እንደገና ትጠይቃለች፤ አንዷን ሴትዮ አስቀምጣ ግማሽ ሰዓት አወራቻት። ሰልፉ እስከ ጥበቃው በር ደረሰ። ኃላፊያችን መጥቶ ምን ነካሽ አላት፤ እሷን ልትተካ ሁለት ዓመት ከጎኗ ተቀምጣ ሥራ የተማረችውን ሠራተኛ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። ናዝሬት ትባላለች፤ ቀልጣፋ ልጅ ናት። ከሸዋረጋ የተማረችውን ሁሉ በደንብ ተምራለች።

ሰኔ ሠላሳ ጠዋት ሸዋረጋ አዲስ ነጠላ ለብሳ መጣች። ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዘችኝ።

«ቆርጫለሁ» አለች። «ቡልጋ ነው። የእናቴ አጥንት እዚያ ነው፣ እታገኝም ነገ ጨርሶ ዓይኗ ሊጠፋ ነው። ገመዳ ወንድ ነው፣ ያገባል። ቡልጋ እላለሁ፤ ሌላ ስም ከአፌ አይወጣም።»

«ጥሩ ነው» አልኳት። ልቤ ደግሞ አያት የሃይሚ ክፍል አለ አለኝ። ያን ጊዜ ብናገረው ኖሮ እንኳ ጊዜ ነበር። መታወቂያዋ ገና እጇ ላይ ነው። ሠራተኞቹ ያዋጡበትን የስንብት ስጦታ፣ ትልቅ ብርድ ልብስ ነው፣ ታቅፌ ተከተልኳት።

ናዝሬት ኮምፒዩተሩ ላይ አቀርቅራ ነበር። «እትዬ ሸዋረጋ፣ እርስዎንም ልሸኝዎት ነው እንግዲህ» አለችና ጣቶቿን አሰናዳች። «የት ልበል?»

ሸዋረጋ መታወቂያዋን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ሃያ ስድስት ዓመት ከዚያኛው ወገን ስትቀመጥ ኖራ ከዚህኛው ወገን ቆማ አታውቅም። መስኮቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ለመናገር ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል።

«አይ ልጄ» አለች፣ «ሰላሌን ሳስብ፣ ቡልጋን ሳስብ ከርሜ...»

ናዝሬት ጽፋለች። «ደገም ነው አይደል ወረዳው?»

ሸዋረጋ መታወቂያዋን አገላበጠች። እኔ ከኋላዋ ሆኜ ጀርባዋን ነው የማየው። ተናገሪ አልኩ በሆዴ። ለራሴም ያንኑ አልኩ፤ ብርድ ልብሱን አጥብቄ አቀፍኩት እንጂ አልተናገርኩም። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች፤ አዎ እንደሚል ሰው።

ማተሚያው አንድ ገጽ ተፋ። ማኅተም ተመታ። ናዝሬት መታወቂያውን ተቀብላ መቀሱን አነሳችና ጥጉን ቆረጠችው። መቀሱን የገዛችው ሸዋረጋ ራሷ ናት፣ የመንግሥቱ አይቆርጥም ብላ።

ደረጃው ላይ ስንደርስ ቆም አልኩ።

«ቡልጋ አላልሽም ነበር?» አልኳት።

«ብዬ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አላረምሻትም?»

ደብዳቤውን አራት ላይ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ብርድ ልብሱን ከእጄ ተቀበለችኝ።

«ከኋላዬ ሰው ነበር» አለች።

ዞሬ መስኮቱን አየሁት። የበጀት ዓመቱ መጨረሻ ቀን ስለሆነ ባለጉዳይ አልተስተናገደም፤ ሰልፍም አልነበረም። ከኋላዋ የቆምኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።