ለእንግዳ የታጨደው የጉና ሣር

ዓርብ ጠዋት ከደብረ ታቦር ተነሣሁ። የምሄደው ጉና ተራራ ላይ ወደተከለለው ፓርክ ነው። እዚያ የአካባቢው ተማሪዎች ስለ ሣሩ፣ ስለ ምንጩና ስለ አውሬው ይማራሉ፤ እኔ ደግሞ ትምህርቱ በደንብ መሰጠቱን የምቆጣጠር ሽማግሌ ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ጎልምሼ ነው። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሰዎች እንደ ንግግሬ ብትቀበሉኝ ደግ ነው። ለቁጥጥሩ ሲመርጡኝም "አያ ስመኘው ይሉኝታ አያውቁም፣ እሳቸው ይሁኑ" ብለው ነው። ምስጋና ይሁን ስድብ እስካሁን አልለየሁትም።

የአሁኑ ጉዞ እንደ ወትሮው አይደለም። ቅዳሜ ከክልል እንግዶች መጥተው ትምህርቱ ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለውን ሊያዩ ነው። ልጆቹን የምታስተምረው ዘቢደር የሟች ወንድሜ ልጅ ናት። ዐረብ አገር ሠርታ ተመልሳለች። የተመለሰች ሰሞን እኔ ቤት ሰንብታ ነበር፤ በእንቅልፍ ልቧ በዐረብኛ ሰው ስትለማመጥ ሰምቻታለሁ። ቃሉን ባላውቀውም ልመና በየትም ቋንቋ ይታወቃል። ይህን ሥራ ካገኘች ወዲህ ግን ደህና ትተኛለች። "አያ፣ ይሄ ከቆመ ተመልሼ እሄዳለሁ፤ እናቴን በምን ልጡራት?" ብላኛለች። እኔን ያስጨነቀኝ ይኸው ነው።

ከመናኸሪያ እስከ ክምር ድንጋይ

ሚኒባሱ እስኪሞላ ብዙ ቆምን። ረዳቱ "አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ይጮኻል፤ አንዱ ሲገባ ሌላ አንድ ይፈልጋል። ከታሪፉ በላይ ሲጠይቀኝ ታሪፉን ብቻ ሰጠሁት።

"ፋዘር፣ ነዳጅ እኮ ጨምሯል" አለኝ።

"ነዳጅ ይጨምር፤ እኔ አልጨምርም" አልሁት። ተሳፋሪው ሳቀ፤ እሱም ተወኝ።

ከከተማው ሲወጡ መንገዱ ግራ ቀኙ ባሕር ዛፍ ነው። ወደ ጋሳይ ሲቃረቡ ሜዳው ይገለጣል። የካቲት ነውና ገብሱ ከታጨደ ቆይቷል፤ መሬቱ የአህያ ጀርባ መስሏል፣ ላሞቹም የሌለ ሣር ይልሳሉ። ከጎኔ የተቀመጠ የድንች ነጋዴ የት እንደምሄድ ጠይቆኝ ነገርሁት።

"ጉና ላይ ለተወለደ ልጅ ስለ ሣር ያስተምሩታል? ለዝንጀሮ ገደል መውጣት እንደ ማስተማር አይሆንም?" ብሎ ሳቀ።

"አንተ ዕድሜህን ድንች ስትሸጥ ኖረሃል። ድንች ብርድ ለምን እንደሚወድ ታውቃለህ?"

"እሱን እግዜር ያውቃል።"

"እነዚያ ልጆች ግን ይጠይቃሉ።"

"ጠይቀው ምን ያተርፋሉ?"

እንግዶቹም ነገ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው ብዬ ደነገጥሁ። ክምር ድንጋይ ከተማ ወርጄ ቅቅል ድንች በአዋዜ በላሁ፤ በላሁ እንጂ ጣዕሙን አላወቅሁትም። አንዱ በቅሎ ላከራይዎ ቢለኝ እምቢ አልሁ። እግሬ ሲሠራ ሐሳቤ ያርፋል ብዬ ነበር፤ አላረፈም።

ዳገቱ

ከእርሻው በላይ ያለው መንገድ ጠጠር ነው፣ ያንሸራትታል። ቁጥቋጦው አልፎ ጅብራ የሚባለው የውርጭ አገር ተክል እንደ ምሰሶ ተራርቆ የቆመበት ስደርስ ቄስ አዱኛን አገኘሁ። የፓርኩ አጎራባች መንደር ሽማግሎች የሚሰሙት እሳቸውን ነው። መስቀላቸውን ተሳልሜ አብረን ወጣን።

"ለነገው አይስጉ፣ አያ ስመኘው። አገሬው ሁሉን አሰናድቷል" አሉኝ።

"ምኑን አሰናዳ?"

"ሲደርሱ ያዩት የለ? ጉና እንግዳ አያሳፍርም።"

እኔ ሰው "አይስጉ" ሲለኝ ነው የምሰጋ። መንገዱን ሁሉ ምን ይሆን እያልሁ ሄድሁ።

ከመማሪያው ዳስ በታች፣ ምንጩ ዳር፣ በድንጋይ ካብ የታጠረ መሬት አለ። ሁለት ዓመት ከብት አልገባበትም። ከካቡ ውጭ ያለው ተግጦ አፈሩ ወጥቷል፤ ውስጡ ግን ሣሩ ጉልበት ይደርሳል፣ ምንጩም በበጋ አይነጥፍም። ዘቢደር ልጆቹን ካቡ ላይ ታቆምና "ወዲህ እዩ! ወዲያ እዩ!" ትላቸዋለች። የትምህርቷ ዋና እሱ ነው። ለእንግዶቹ ልታሳይ ያሰበችውም እሱኑ ነው።

ከሰዓት በኋላ ስንደርስ ገና ከሩቅ የሣር ሽታ አወደኝ። ዳሱ ከዳር እስከ ዳር ለምለም ሣር ተጎዝጉዞበታል፤ እግር ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ይሰጥማል። ዘቢደር በሩ ላይ ቆማለች።

"አያ..." አለችኝና በእጇ ወደ ካቡ ጠቆመችኝ።

ወደ ካቡ ወረድሁ። ያ ሁሉ ሣር እንደ ለቅሶኛ ራስ ተላጭቷል።

ቄስ አዱኛ ከኋላዬ መጡ። ፊታቸው በርቷል። "ታዲያ እንግዳ ባዶ መሬት ላይ ይቀመጥ ኖሯል? በየካቲት ለጉዝጓዝ የሚሆን ሣር ከዚህ ሌላ የት አለ? ጎበዞቹ በማለዳ ወጥተው አጨዱት።"

"ኧረ የተከለለ ነው፣ አባ!"

"የተከለለው ለከብት ነው። ከብትማ መች አስገባን? አንዲት በግ አልረገጠችውም።"

እውነታቸውን ነው። መሬቱ ሲከለል ተሰብስበን ከብት አይግባ ብለን ተማማልን እንጂ ስለ ማጭድ ያነሣ ሰው አልነበረም። አገሬው መሐላውንም ጠበቀ፣ እንግዳውንም አከበረ፤ ሣሩ ግን ሄደ።

የፓርኩ ዘበኛ "በረዶ መታው እንበላቸው" አለ።

"በረዶ ማጭድ ይዞ ይወርዳል?" አልሁት።

ዘቢደር ደግሞ ጉዝጓዙን ጠርገን እናውጣው አለች። "አውጥተሽ የት ታደርጊዋለሽ? መልሰሽ አትተክይው" ብዬ ከለከልኋት። "እርስዎማ ከነገ ወዲያ ደብረ ታቦር ይገባሉ" አለችኝና ተኮራረፍን።

ቅዳሜ

እንግዶቹ ሁለት ናቸው፤ አንዲት ኃላፊ ሴትዮና ፎቶ የሚያነሣ ጎልማሳ። አባቶች ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀበሏቸውና ዳሱ ውስጥ አስቀመጧቸው። ሴትዮዋ ሣሩን በእጃቸው ዳበስ እያደረጉ "እንዴት ደስ ይላል!" አሉ። ያጨዱት ሰዎች በኩራት ተያዩ።

ከዚያ ተማሪዎቹ መጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ፊተኞቹ ቆሙ፤ ኋለኞቹ ገፏቸው፣ አዩና እነሱም ቆሙ። ግቡ ተባሉ፤ ማንም አልገባም። ነፋሱ ቆዳ ይልጣል።

"ግቢ እንጂ አንቺ! ምን ይገትርሻል?" አለ አንዱ አባት፣ ከዳሱ ውስጥ።

"አልረግጠውም" አለችው ሴት ልጁ።

"ቆይ ቤት እንገናኛለን!"

"እንገናኝ! የኛን ሣር ነው ያጨድኸው!"

አባቶች ተሸማቀቁ። እንግዳዋ ዘቢደርን ቀና ብለው አዩና "ልጆቹ ምን ሆነው ነው?" አሉ። እኔ ልናገር ተነሣሁ፤ ዘቢደር ግን ቀደመችኝ።

"ከከብት የተከለለ ሣር ላሳይዎ ነበር፣ እትዬ። አሁን ተቀምጠውበታል።"

ሴትዮዋ ቀስ ብለው ተነሡና ወጥተው ልጆቹ ዘንድ ቆሙ። ልጆቹም እየተሻሙ ነገሯቸው፤ አንዱ ለማደግ ሁለት ክረምት ፈጀ ይላል፣ አንዷ ሥሩ የአይጥ ቤት ነበረበት፣ ቀይ ቀበሮው እንግዲህ ምን ይበላል ትላለች። አንድ ትንሽ ልጅ አለቀሰ።

ቄስ አዱኛ ወጥተው "ያሳጨድሁት እኔ ነኝ። ለክብርዎ ብለን ነው" አሉ።

"ክብሩ ደርሶኛል፣ አባ" አሉ ሴትዮዋ። ቀጥለውም "ልጆቹ ተምረው ምን አተረፉ ብዬ ልጠይቅ ነበር የመጣሁት፤ በሩ ላይ አየሁት። ዘንድሮ እንዲቀጥል እናገራለሁ። ግን የሚመጣው የካቲት ይህንን መሬት መጥቼ አያለሁ። ሣር ከሌለ የምከራከርበት የለኝም" አሉ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ቄስ አዱኛ ማጭድ የሚያስገባውን ሁሉ በግዝት ልሰር አሉ። ሽማግሎቹም ይሁን አሉ። እኔ ግን ተቃወምሁ።

"የገዘታችሁትን ሰው ይፈራዋል እንጂ አያውቀውም። ነገ ደግሞ ያልተገዘተ ነገር ታገኛላችሁ። ይልቅ አባቶች ከልጆቻቸው ጋር ቁጭ ብለው ይማሩ።"

"ጢም አብቅለን ከሕፃን ጋር?" አለ አንዱ ሽማግሌ።

"እኔ ጢሜ ከወጣ ነው ሀ ሁ ያልሁ። አልሞትሁም።"

ክርክሩ ረዘመ፤ ተነሥቼ አልሄድም ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። በመጨረሻ ቄስ አዱኛ "እኔ እጀምራለሁ" ሲሉ ሌላውም እሺ አለ።

መመለሻ

እሑድ ጠዋት ዘቢደር እስከ ዳገቱ አፍ ሸኘችኝ። ካቡን ስናልፍ ቆማ የተላጨውን መሬት አየች። "ሥሩ አልተነካም አይደል፣ አያ?" አለችኝ። ጎንበስ ብዬ ነካሁት፤ ርጥብ ነው። አልተነካም አልኋት፤ ልቤ ግን ውርጩን ያስባል።

በመኪናው ውስጥ ሳስበው ከዚህ ጉዞ አንድ ነገር ተማርሁ። ለሰው ክልከላውን ነግረህ ምክንያቱን ካስቀረህ፣ ክልከላውን እየጠበቀ ያጠፋልሃል፤ ደግሞም በደግ ልቡ። ክፉ ሰው ቢሆን እሰድበው ነበር። ደጉን ግን ቁጭ ብሎ ከማስረዳት ሌላ መላ የለውም፤ እሱ ደግሞ ከስድብ ይልቅ ያደክማል።

ደብረ ታቦር ስደርስ የዘቢደር እናት ደጄ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። እንኳን ደህና መጡም አላለችኝ።

"ትሄዳለች?"

"ዘንድሮ አትሄድም።"

"ከርሞስ?"

"ሣሩ ከበቀለ አትሄድም" አልኋት።

የምን ሣር ብላ አልጠየቀችኝም። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ተነሣችና በጉና በኩል ዝናብ የያዘ ደመና ይኖር እንደሆነ ቀና ብላ አየች።