የአያ አዳነ ሰንጢ

ስለ ሰዓት ሠሪው እሸቴ የምጽፈው እንድትወዱት ብዬ አይደለም፤ የሚወደው ሰው አላነሰውም። ደብረ ታቦር ውስጥ ሰዓቱ የቆመበት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከአንድ ፎቶ ቤት ጎን ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማይቆምባት የቆርቆሮ ሱቅ አለችው። እዚያች ውስጥ ማጉያ መነጽሩን አንድ ዓይኑ ላይ ሰክቶ ሲሠራና ሲያወራ ይውላል። ስምንተኛ ክፍልን አብረን ተምረናል። እኔ አንደኛ እወጣ ነበር፤ እሱ ስንተኛ እንደሚወጣ ራሱም አያውቅም። ዛሬ ግን ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩትን እኔን ዘውዱን ከተማው የሚያውቀኝ “የእሸቴ ጓደኛ” እያለ ነው።

ሰንጢ መሰብሰብ የጀመርኩት እኔ ነኝ። ይህ በግልጽ ይታወቅልኝ። ለፈተና እርማት ጎንደር ሄጄ ሳለሁ አንድ የጥንት ዕቃ ሱቅ መስታወት ውስጥ እጀታው የቀንድ የሆነ ታጣፊ ሰንጢ አየሁና እግሬ ተተከለ። ያንን ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ የጎንደርንም የባሕር ዳርንም ሱቆች አዳርሻለሁ። ይፋግ ገበያ ዝናብ እየመታኝ ዞሬአለሁ። ዋንዛዬ ፍል ውኃ ለጉልበቴ ሄጄ፣ አጠገቤ የሚታጠበውን ሰው ሰውነቱን ሳሙና እንደተቀባ ሰንጢውን እንዲሸጥልኝ ለምኜዋለሁ። ስልሳ አንድ ሰንጢ አለኝ። እያንዳንዱ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ቁጥር ወጥቶለት፣ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። እሸቴ የጀመረው እኔ ቤት አይቶ ነው፤ አውጥቼ ያሳየሁትም እኔው ሞኙ ነኝ። ያለው አሥራ ዘጠኝ ብቻ ነው።

ሰዉ ግን ሰንጢ ለማየት የሚሄደው እሱ ጋ ነው። ሰንጢዎቹን ሱቁ ግድግዳ ላይ በሚስማር ሰቅሏቸዋል። ሰዓቱ እስኪሠራ የሚጠብቅ ሁሉ አንዱን ያወርዳል፣ ይከፍታል፣ ሸንኮራ ይልጥበታል። እሱም ይሄ የማን እንደነበረ፣ ሰውዬው በምን እንደሞተ፣ ሚስቱ ማንን እንዳገባች ይተርክላቸዋል። ባለፈው ዓመት ልጆች በስልክ ቀርጸውት ፌስቡክ ላይ ሦስት ሺህ ሰው ወደደው። መጀመሪያ የመጡት እኔ ቤት ነበር። እጃችሁን ታጠቡ ስላቸው ተያይተው ሄዱ። ሦስቱን ሺህ ሰው አንድ በአንድ ባገኘው የሚገባውን እነግረው ነበር።

ቅዳሜ ገበያ ላይም ያው ነው። ሙሳ የሚባል ነጋዴ ጆንያ አንጥፎ አሮጌ ዕቃ ይዘረጋል፤ የተሰበረ ፋኖስ፣ ቁልፉ የጠፋ ጓጉንቸር፣ እጀታ የሌለው ድስት። አንድ ቅዳሜ ገና ጆንያውን ሲያነጥፍ ደረስኩበት።

“ሰንጢ የለም ዛሬ?” አልኩት።

“አንዲት ነበረች መምህር። ለእሸቴ አስቀመጥኳት።”

“እሸቴ መቼ መጣ?”

“አልመጣም። ይወዳታል ብዬ ነው እንጂ።”

“እኔስ አልወዳትም?”

ሙሳ ጓጉንቸሮቹን መደርደር ቀጠለ። “አንቱማ ስልሳ አለዎት” አለኝ። የእሸቴን ስም ስሰማ ሆዴ ውስጥ የሚነሳውን ነገር ለሚስቴ ለአበበች ጨጓራ ነው ብያት ነበር፤ መድኃኒትም ገዝታልኛለች። ጨጓራ አይደለም። ቅናት ነው።

በጸጥታው ምክንያት መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ጎንደርም ባሕር ዳርም መሄድ ቀረና ዓይናችን ሁለታችንም እዚሁ በቀረው ላይ ወደቀ። በቀረው ስል በአንድ ሰንጢ ማለቴ ነው። እሱም የአያ አዳነ ነው። አያ አዳነ ከከተማው ወጣ ብሎ ጋፋት አጠገብ የሚኖሩ፣ ሰማንያን ያለፉ ገበሬ ናቸው። ሰንጢያቸውን የሠራው ዱሮ እዚያው አካባቢ የነበረ ቀጥቃጭ ነው። እጀታው ጥቁር የበሬ ቀንድ ነው፤ በሦስት የናስ ምስማር ተይዟል፤ ስለቱ ሥር ሰውዬው ምልክቱን፣ ሦስት ነጥብ፣ መትቶበታል። ከዚያ ሰው እጅ የወጣ ሌላ ሰንጢ እኔ አላየሁም፤ እሸቴም አላየም። አያ አዳነ በየድግሱ ሥጋ የሚቆርጡት በሱ ነው። ለመግዛት ስጠይቃቸው እሸቴም መደቡ ላይ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር።

“አልሸጠውም” አሉን። “ወንድ ልጅ የለኝም። ሳልሞት ለአንዳችሁ እሰጠዋለሁ።”

ሦስት ዓመት የተመላለስነው በዚህች ቃል ነው። እኔ ስኳር እወስዳለሁ፣ ሳሙና እወስዳለሁ፣ ለበዓል ጋቢ ገዝቼላቸዋለሁ። እሸቴ ባዶ እጁን ይሄዳል። ተቀምጦ ያወራቸዋል፣ እሳቸውም ጥርሳቸው እስኪታይ ይስቃሉ። እኔ ስመጣ “እህ፣ መምህር፣ ደህና ነህ?” ይሉና ዝም ይላሉ። ከቤታቸው በላይ ካለው ጉብታ ስደርስ መጀመሪያ የማየው የእሸቴ ሰማያዊ ጃንጥላ በሩ ላይ መኖር አለመኖሩን ነበር። አንድ ቀን ጃንጥላውን አይቼ ቀስ ብዬ ስገባ፣ የአያ አዳነን ሰንጢ ይዞ ድንጋይ ላይ ሲስልላቸው አገኘሁት። ሚስቴን ፀጉር ሲሠራት ያገኘሁት ያህል ነደደኝ።

“እየጨረስከው እኮ ነው” አልኩት፤ “የጥንት ዕቃ አይሳልም።”

“አልቆርጥ ብሏቸው ነው” አለኝ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

ባለፈው ክረምት አያ አዳነ ታመሙ። ጭቃውን እየረገጥኩ በየቀኑ ሄድኩ። እንዲድኑ ጸልያለሁ፤ መዳኑ ከሌለ ደግሞ አስቀድመው እንዲወስኑ ጸልያለሁ። አበበች ነገሩ ገብቷታል። “አንተ የታመመ ልትጠይቅ ስትሄድ ሰዉ የለቅሶ ድንኳን ተከራዩ ወይ ይላል” አለችኝ። በሳምንቱ የአያ አዳነ ልጅ ጽጌ ደጅ ድረስ ሸኘችኝ። አባቷን የምታስታምመው እሷ ነበረች።

“ጋሼ ዘውዱ፣ እግዜር ይስጥልን” አለች፤ “ግን በየቀኑ አይምጡ። አባባ አንቱን ሲያዩ ቀኔ ደረሰ ወይ እያሉ ይጠይቁኛል።”

“እሸቴስ በየቀኑ አይመጣም?”

“እሱ ሲመጣማ እህል ይቀምሳሉ።”

መንገዱን ሙሉ ብቻዬን እየተሳደብኩ ገባሁ። ሽማግሌው ግን መስከረም ሲጠባ ድነው ተነሡ።

ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ባጃጅ ደጄ ላይ ቆመች። አያ አዳነ በጽጌ ተደግፈው ወረዱ፤ ግቡ ብላቸው እምቢ አሉ። ከኮታቸው ኪስ ሰንጢውን አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

“እንካ፣ ያንተ ነው” አሉኝ።

ለምን ለእኔ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። እንደሚገባኝ ድሮም አውቅ ነበርና የሚያስጠይቅ ነገር አልታየኝም። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ከለከሉኝ። ባጃጇ ከዓይኔ ሳትጠፋ ጫማዬን አጥልቄ ወደ እሸቴ ሱቅ በረርኩ። እውነቱን ለመናገር ያስቸኮለኝ ሰንጢው አልነበረም። እሸቴ ሲያየው ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ማየት ነበር የፈለግኩት። እኔን ያነደደኝ እሱንም አንድ ቀን እንኳ እንዲያነደው ፈለግኩ።

ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። መነጽሩን ከዓይኑ አነሣ፤ ሰንጢውን ከፈተ፣ ዘጋ። “እንኳን ደስ አለህ” አለኝ ፈገግ ብሎ። “ማጠፊያው ላላ ብሏል፤ ላጥብቅልህ?” የሰዓት ዘይቱን ጠብ አድርጎ፣ አጥብቆ፣ ወልውሎ መለሰልኝ። ሌላ ነገር የለም። አለመናደዱ ይበልጥ አናደደኝ። እሱ ባይናደድ ሌላው ይስማ ብዬ ሳምንቱን ሙሉ በየቤቱ፣ በየለቅሶው፣ በየጠጅ ቤቱ፣ አያ አዳነ ከሁለታችን ማንን እንደመረጡ ሳወራ ሰነበትኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጽጌን ገበያ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ስትሸጥ አገኘኋት። ለእሷም ያንኑ ጀመርኩላት፤ አባትሽ ሰው ያውቃሉ አልኳት። ሳቀች።

“አባባማ ያሰቡት ለእሸቴ ነበር” አለች። “በገና ጠርተው ውሰድ አሉት። እሱ ነው ለጋሼ ዘውዱ ይስጡት ያለው።”

“ለእኔ ይስጡት አለ?”

“አዎ። ‘ዘውዱ እዚህ ሲቀመጥ ዓይኑ ከሰንጢው አይነሣም፤ እኔ ከወሰድኩት ይታመምብኛል’ አላቸው። አባባ እምቢ ቢሉም ለምኖ ነው። የሚያስብልዎ ጓደኛ አለዎት፣ ጋሼ።” ይህን ስትል እኔን ደስ የሚያሰኘኝ መስሏት ነበር። ያልጠየቅኳትን ሽንኩርት ገዝቼ ከፊቷ ጠፋሁ።

ፊቴ እንደጋለ እሸቴ ሱቅ ገባሁ። ሰው አልነበረም። ሰንጢውን አውጥቼ ከፈታው ሰዓት አጠገብ ጣልኩት።

“ማን ለምንልኝ አለህ?” አልኩት።

“ማን ነገረህ?”

“ጽጌ።”

“ወይ ጽጌ” አለና ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈ። “በቃ፣ አንተ አብዝተህ ፈለግከው። ሰንጢ ነው እንጂ ሌላ አይደል።”

“አንተ አልፈለግከውም ነበር?”

እጁን ዘርግቶ ሰንጢውን አነሣ፤ በአውራ ጣቱ ሦስቱን ነጥብ ደባበሰ። “እፈልገው ነበር እንጂ” አለ። “ሦስት ዓመት ሙሉ ያን ዳገት የወጣሁት ለወሬ ብቻ መሰለህ?”

ይህን ሲል ፊቱን አየሁት። ያን ቀን እየሮጥኩ ላየው የመጣሁት ነገር ፊቱ ላይ ነበር። ከንፈሩን ነክሶ፣ ሰንጢውን እያየ፣ እንደኔው ሆኗል። ደስ ይለኛል ብዬ ስጠብቀው የኖርኩት ይህንን ነበር። ደስ አላለኝም።

ሰንጢውን ጠረጴዛው ላይ፣ በእኔ በኩል መልሶ አኖረው። ውሰደው ልለው አፌን ከፈትኩ። ቃሉ አራት ፊደል ብቻ ነው፤ አልወጣልኝም። እሸቴ ቀና ብሎ አየኝ፤ ልናገር መሆኔ ገብቶታል። ትንሽ ጠበቀኝ። ከዚያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ መልሶ ሰዓቱ ላይ አጎነበሰ። እኔም ሰንጢውን አንስቼ ወጣሁ።