የታጠነው ጠርሙስ

ልጄ የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ሕፃኑን ለእኔና ለእናቷ ተወችልን። ቤታችን አዘዞ ነው፤ መሥሪያ ቤቷ ማራኪ የሚባለው ሰፈር። መንገዱ ለትልቅ ሰው ምንም አይደለም፤ ለሚጠባ ሕፃን ግን ሌላ አገር ነው። ስለዚህ እዚያው መሥሪያ ቤቷ፣ ወረቀት በሚቀመጥበት ክፍል በሩን ዘግታ፣ በእጅ በሚሠራ ማለቢያ ጡቷን ታልባለች። ወተቱን ክዳን ባላቸው ትንንሽ የብርጭቆ ጠርሙሶች አድርጋ፣ በረዶ በያዘ ሣጥን ወደ ቤት ታመጣዋለች። ፍሪጅ ውስጥ አድሮ በማግስቱ የልጁ ምሳ ይሆናል።

ባለቤቴ ማለቢያውን መጀመሪያ ያየች ዕለት፣ «ምነው ልጄ፣ ላም አደረጉሽ?» አለቻት።

«ላም ብሆንማ ሸጋ ነበር፣ እማ። ላም ቢሮ አትገባም።»

እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ፊደል ያጠናሁት በግንበኝነት ስሠራ፣ ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነው። ስለዚህ የተጻፈ ነገር አከብራለሁ። ጤና ጣቢያ ለልጄ የሰጧትን ወረቀት ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብሁላት። እጅ በሳሙና ይታጠብ። ዕቃው ታጥቦ በውሃ ይቀቀል። ወተቱ እሳት ላይ አይጣድ፤ ጠርሙሱ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ይቀመጥ። ልጁ ጠጥቶ የተረፈው ይደፋ።

«ወተት መድፋት ግፍ ነው» አለች።

እኔም በልቤ ከእሷ ጋር ነበርሁ፤ ግን ሕግ ሕግ ነው ብዬ ነገሩን ዘጋሁት።

እናቱ ሥራ ሳትጀምር ስታለማምደው ከሲኒ ደህና አድርጎ ይጠጣ የነበረው ልጅ፣ እሷ ስትሄድ እምቢ አለ። ሲኒው ከንፈሩን ሲነካው ፊቱን ያዞራል። ቀኑን ሲያለቅስ ይውልና ማታ እናቱ ስትገባ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ጡቷ ላይ ይለጠፋል። አንዲት ጎረቤታችን መጥታ፣ «ምነው አያ፣ በማሽን የወጣ ወተት እኮ ነፍስ የለውም» አለችኝ። እውነቱን ልናገርና፣ እኔም የጠረጠርሁት ማለቢያውን ነበር።

አርብ ማታ ልጄ እያጠባች፣ «አባባ፣ ሰኞ መልቀቂያ አስገባለሁ» አለችኝ። ቀና ብላ አላየችኝም። ያን ሥራ ለማግኘት የደከመችውን ድካም አውቃለሁ። ሰው የጀመረውን አይተውም እያልሁ ያሳደግኋትም እኔው ነኝ። የልጁን የከሳ ጉንጭ ሳይ ግን ያን ቃል ለመድገም አፍ አጣሁ።

በማግስቱ ጧት ልጁ ያልጠጣውን ወተት ልደፋ ወጣሁ። ወተት ቦይ ውስጥ መድፋት አይሆንልኝም፤ ጓሮ ካለው የኮክ ዛፍ ሥር አፈስሰዋለሁ። ጠርሙሱን ስዘቀዝቀው የማውቀው ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የአባቴ ቤት፣ የላሞቻችን ወተት ሽታ። የወይራ ጢስ።

እኛ አገር የወተት ዕቃ መታጠብ ብቻ አይበቃውም። የወይራ ስንጥር ይጨስና ቅሉ በአፉ ተደፍቶ ይታጠናል፤ ወተቱ እንዳይበላሽ፣ መዓዛውም እንዲያምር።

ማድ ቤት ገባሁ። «ጠርሙሱን አጥነሽዋል?»

«ታዲያስ! አጥቤ፣ ቀቅዬ፣ አጥኜ። ያልታጠነ ዕቃ ወተት ይይዛል? ልጆቼን ሁሉ እንዲህ አይደል ያሳደግሁ!»

«ልጆችሽን ያሳደግሽው በጡትሽ ነው። ጡትሽን አጥነሽ ታውቂያለሽ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ከመቼ ወዲህ ነው የጡት አዋቂ የሆንኸው!» ብላ ሳቀች። ሳቋን ግን አልጨረሰችውም። አፏን በእጇ ይዛ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። «እኔ ነኝ ያስራብሁት?»

ልቆጣ ነበር የገባሁት፤ ቁጣው ጠፋብኝ። ጢሱ ዓይኗን ያቃጠላት ለልጁ ብላ ነው። ሰነፍ ብትሆን ኖሮ ልጁ ይጠጣ ነበር።

«ለልጅቱ አትንገራት» አለችኝ።

«አልነግራትም። አንቺ ትነግሪያታለሽ።» ሐቅ በባለቤቱ አፍ ሲነገር ይቅርታ ያገኛል፤ በሌላ አፍ ሲነገር ክስ ይሆናል።

ነገረቻት። ልጄ ሳቀች፣ ወዲያው አለቀሰች፣ ከዚያ እናቷን አቀፈቻት። ጠርሙሶቹን ደጋግመን ቀቀልናቸው። ብርጭቆው ሽታውን ለቀቀ፤ የፕላስቲክ ክዳኖቹ ግን አሻፈረኝ ስላሉ በአዲስ ቀየርኋቸው። ፍሪጅ ውስጥ የነበረው ወተትም ሁሉ ተደፋ። የደከመችበትን ዛፍ ሥር ሳፈስሰው ወደ እሷ መዞር አልቻልሁም።

እሑድ በሲኒ ልንሞክረው ብንል፣ እናቱ አጠገቡ ስላለች ከጡቷ በቀር ሌላ አላይም አለ። ሰኞ ጧት ልጄ ለምሳው የሚሆን ወተት አልባ ፍሪጅ ከተተች፤ መልቀቂያዋንም ጽፋ በቦርሳዋ ያዘች። «እስኪ የዛሬን ልይ» ብላ ሄደች።

እኩለ ቀን ላይ ባለቤቴ እጇን በሳሙና ታጠበች፣ ጠርሙሱን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ አቆመችው፣ ወተቱን ሲኒ ላይ ቀዳች። ለልጁ ከመስጠቷ በፊት ሲኒውን ወደ እኔ አቀረበችው። አሸተትሁ፤ ምንም የለም። ልጁ ግን እንደ ልማዱ ፊቱን አዞረ። ባለቤቴ ሲኒውን አላራቀችም፤ ከንፈሩ ላይ ይዛ ዝም ብላ ጠበቀች። ምላሱን አወጣ። ቀመሰ። ከዚያ እንደ ሽማግሌ ፉት አለ፤ ደገመ፤ ሲኒውን በሁለት እጁ ሊይዝ ታገለ።

ስልኬ ጠራ።

«አባባ፣ ጠጣ?»

«ጠጣ።»

«እውነትዎን ነው?»

«ዋሽቼሽ አውቃለሁ? ቦርሳሽ ውስጥ ያለውን ቅደጂና ሥራሽን ሥሪ። ደግሞ ማለብሽን እንዳትረሺ፤ ይሄ ልጅ ለነገም ይፈልጋል።»