ከጀማል ብልቃጥ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሐዊ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ወደ ነገሌ መጣች። ቻርጀር አውጣልኝ ብላኝ ቦርሳዋን ስከፍት ግማሹ ያለቀ የኪኒን ፓኬት አገኘሁ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ለጥናት ነው አባ። ትኩረት ይሰጣል። ደግሞ ሐኪም ያዘዘው ነው!"

"ለማን ነው ያዘዘው?"

"ለጓደኛዬ። ታካፍለኛለች።"

ታካፍለኛለች! ደሜ ፈላ። ግትርነቴን መውረሷ ሳያንስ ይቺንም ልትደግማት?

ታላቅ ወንድሜ ጀማል ከልጅነቱ ጀምሮ በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ ይጥለው ነበር። ስንፍና እንዳይመስላችሁ፤ እየሳቀ፣ እየበላ፣ በአባታችን ሱቅ ጨርቅ እየለካ ድፍት ይላል። ነገሌ ሙሉ ይስቅበት ነበር። በኋላ አባቴ በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ አሻግሮ አሳከመው። ሐኪሙ በሽታውን አወቀለትና የሚያነቃ ኪኒን አዘዘለት፤ ጠዋት ጠዋት አንድ፣ ለእሱ ብቻ። ሲያልቅ ያንን ሁሉ መንገድ ተመልሶ መታየት ነው። ጀማል በኪኒኗ ሰው ሆነ። ሱቁን ብቻውን ያዘ፤ የክብረ መንግሥቷን ዘሃራንም ወደደ።

"ለእሱ ብቻ" የሚባል ነገር ግን ቤታችን አያውቅም። እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ የታዘዘላትን እንክብል ለጎረቤት ሁለት ሁለት ታድል ነበር። መድኃኒቱን ለብቻው የሚውጥ ሰው፣ ሥጋ ደብቆ እንደሚበላ ስስታም ነበር የሚቆጠረው። እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ፤ ማትሪክ ደርሷል፣ ሒሳብ ጭንቅላቴ አልገባ ብሏል። አንድ ጠዋት "ለእኔም ግማሽ" አልኩት። እየሳቀ ሰጠኝ።

ምን ልበላችሁ፣ ያን ቀን ሦስት ምዕራፍ ጨረስኩ! ግማሿ አንድ ሆነች፤ አንዷ ሁለት። ከዚያ መጠየቁንም ተውኩት፤ ከብልቃጡ ዝም ብዬ እወስዳለሁ። እናቴ የምታቀርብልኝ የግመል ወተት ይከረፋኝ ጀመር፤ ጥርሴን እያፋጨሁ ካገኘሁት ሰው ጋር እጣላለሁ። ያልዋጥኩ ቀን ደግሞ አንዷን መስመር አሥር ጊዜ ባነባት አትገባኝም። "ፈተናው ይለፍ እንጂ እተወዋለሁ" እላለሁ። ጅል!

በዚህ መሃል የዘሃራ አባት ሐጂ ቃሲም ለጋብቻ ለላክናቸው ሽማግሌዎች "ልጁን ራሱን አምጡት፤ ቀን ይተኛል ይሉኛል፣ በዓይኔ ልየው" ብለው ላኩ። አባቴ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ጀማልና እኔ በማለዳ ተነሳን። የግንቦት ዝናብ ነው፤ ቀዩ ጭቃ መኪናውን ሁለቴ ያዘብን። ዋደራ ላይ ሻይ ልንጠጣ ስንወርድ ጀማል ብልቃጡን አውጥቶ አራገፈው። ባዶ ነው።

"ለዛሬ ብዬ አንድ አስቀርቼ ነበር" አለኝ ጆሮዬ ሥር። "አንተ ጋ አለች?"

ነበረች። ሸሚዜ ኪስ ውስጥ፣ በወረቀት ተጠቅልላ። ፈተናው ሰኞ ነው፤ ያለ እሷ መቀመጥን ሳስበው ላብ ያጠምቀኛል።

"ወላሂ የለኝም" አልኩት።

ባለሻይዋን አጠንክሪው ብሎ ሦስት ብርጭቆ ደጋገመ።

ሐጂ ቃሲም "አካም፣ ናጋ?" እያሉ በክብር ተቀበሉን። ሩዝ በፍየል ሥጋ ቀረበ። ሐጂ ሲያጫውቱን ጀማል ጭኑን ሲቆነጥጥ አየሁ፤ ሁለቴም ባነነ። ኪሴን ነካሁ። ውኃው ፊት ለፊቴ ነው፤ እጄን መስደድ ብቻ ነበር የቀረኝ። አልሰደድኩም። ምግቡ አልቆ ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። ሁላችንም "አሚን" ስንል ጀማል መዳፉን እንደዘረጋ ፊቱን ሳህኑ ላይ ደፋ።

ሐጂ ዱዓውን አቋረጡ። "አንቱን አከብራለሁ" አሉት አባቴን። "ልጄን ግን በምርቃት ላይ ለሚተኛ ሰው አልሰጥም።"

በዚያው ጭቃ ወደ ነገሌ ተመለስን። ሰኞ ያቺን ኪኒን ውጬ ለፈተና ተቀመጥኩ፤ በአንድ ጥያቄ ላይ ሙጭጭ ብዬ ሰዓቱ አለቀ። ወደቅሁ። ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ እንደ ድንጋይ ተኛሁ፤ ወደ ራሴ ለመመለስ ደግሞ ወራት ፈጀብኝ። ዘሃራን በዓመቱ ሌላ ሰው አገባት።

ያኔ ነው እያለቀስኩ ለጀማል የነገርኩት። "ኪስህን ስትነካ አይቼሃለሁ" አለኝ። "በሐጂ ፊት ልፈትሽህ ነበር?"

አሁን ሃምሳን አልፏል። አላገባም። ኪኒኗን እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት አንድ ይውጣል፤ እሱን አንድ ቀን ጎድታው አታውቅም። በእሷ እሱ ሰው ሲሆን እኔ በዚያችው ሌባ ሆንኩ። ይህንን ለሐዊ ባስረዳት፣ ባስረዳት "የኔ እኮ እንደዚያ አይደለም፤ ስፈልግ እተወዋለሁ" ትለኛለች። እኔው ራሴ የማወራ እስኪመስለኝ! ጮህኩባት።

ጩኸቴን ሰምቶ ጀማል ከሱቅ መጣ። ፓኬቱን ከእጄ ተቀብሎ አገላብጦ አየው።

"ጓደኛሽ መጀመሪያ ስትሰጥሽ" አላት ቀስ ብሎ፣ "እየሳቀች ነበር?"

"አዎ" አለች ሐዊ።

"እኔም ስቄ ነበር።"